የሚስተሩ ግቢ የተከፈተ እሁድ

ላፍቶ ውስጥ እግር ያለው ሰው ሁሉ በዚያ እሁድ ወደ ሚስተሩ ግቢ ሲጎርፍ፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ ልብስ አጥብ ነበር። አልሄድም ብያለሁ፣ አልሄድም። ምን በወጣኝ ነው በገዛ እግሬ ሄጄ የዚያን ልጅ ጽጌረዳ የማደንቀው? እናቴ በሰንበት ልብስ ማጠቤን አይታ ደረቷን መታች፤ ግን አልተናገረችኝም። ከግንቦት ወዲህ በቤታችን እኔን ደፍሮ የሚናገረኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም እንደ ትኩስ ድስት በሩቁ ይዞኛል።

ለማያውቀው ሰው የሚስተሩ ግቢ ማለት ከቤታችን ማዶ፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ ያለው ትልቁ የድንጋይ ቤት ነው። በንጉሡ ጊዜ አንድ እንግሊዛዊ አያቴ ኮርሳ ያርሱት ከነበረው መሬት ጎን ቦታ ይዞ፣ አገሩ ያሉትን የድሮ የባላባት ቤቶች የሚመስል ቤት አሠራ። ፊት ለፊቱ ሰፊ የሳር መስክ፣ በመቀስ የተከረከመ የጥድ አጥር፣ የውሃ ኩሬ፣ በድንጋይ ደረጃ የሚወረድበት የጽጌረዳ ቦታ አደረገበት። ደርግ ሲመጣ ቤቱ ተወርሶ የእህል መጋዘን ሆነ። ኩሬው ደረቀ። ሳሩን የእኛ ላሞች በሉት፣ እውነቱን ለመናገር በደንብ ተመቻቸው። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የሚስተሩ ልጅ ወይዘሮ ሜሪ ከነልጃቸው ከእንግሊዝ አገር ተመለሱና፣ ስንት ቢሮ ደጅ ጠንተው ቤቱን አስመለሱ። እናታቸው የመንዝ ሴት ስለነበሩ አማርኛቸው ከእኛ ይበልጣል። ልጃቸው ሚሳኤል ይባላል። እሱ ነው እንግዲህ «ያ ልጅ» የምለው።

ከሚሳኤል ጋር ያስተዋወቀችን ላማችን ናት። በለመደችው አጥር ጥሳ ገብታ አዲስ የተከላቸውን ጽጌረዳዎች ስትበላ ልመልሳት ሄድኩ። ይቅርታ እንደመጠየቅ፣ ግቢውን ስታውቀው ከአንተ ትቀድማለች አልኩት። እሱ ሳቀ። ሲስቅ ደግሞ የሚያስቅ ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ የማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ መካኒሳ፣ በር ላይ እየጠበቀኝ ታክሲውን ትተን እስከ ላፍቶ በእግር እንሄድ ጀመር። ስድስት ዓመቱ ላይ ከአገር የወጣና አማርኛን ከእናቱ አፍ ብቻ የተማረ በመሆኑ፣ ሲናገር ትልቅ ወይዘሮ ነው የሚመስለው። ለታክሲ ረዳት እንኳ «እባክዎ፣ ወራጅ አለ» ይላል። ታክሲው በሙሉ ዞሮ ሲያየው እኔ በነጠላዬ አፌን ይዤ እሞታለሁ። እንዲህ ነበር የወደድኩት፣ ሳላስበው፣ እየሳቅሁ።

ሰዉ ያወራ ነበር። የነጭ የልጅ ልጅ የገበሬ ልጅ ምን ያደርግለታል፣ ሲሰለቸው አውሮፕላኑን ይሳፈራል ይሉ ነበር። እኔ ግን አንድም ቀን አንሼ ተሰምቶኝ አያውቅም። የበንቲ ኮርሳ ልጅ ነኝ። ቤቱ የቆመበትን ጥቁር አፈር የሚያውቁት የኔ ሰዎች ናቸው። ሚሳኤልም ይህን ስለሚያውቅ፣ ግንቦት ላይ በደንቡ ሽማግሌ ላከ።

ሽማግሌዎቹን ይዘው የመጡት ጋሽ ደምሰው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሰፈራችን ሁሉ የሚያከብራቸው። አትቀመጡም ወይ ቢባሉ እንቢ ብለው ቆመው ልጅዎን ለልጃችን አሉ። አባቴም እንደ ወጉ፣ ልጅቱ የኔ ብቻ ሳትሆን የዘመድም ናት፣ ዘመድ ላማክርና በሁለተኛው እሁድ ተመለሱ አላቸው። ይህ በእኛ ቤት እሺ ማለት ነው። እምቢ የሚል አባት ቀጠሮ አይሰጥም፤ ቀጠሮ የሰጠ አባት ደግሞ በማግስቱ ገበያ ወጥቶ የበግ ዋጋ ይጠይቃል። እናቴም ወዲያው ጠርታኝ፣ ነገሩ እስኪያልቅ ከልጁ ጋር መንገድ ላይ እንዳትታዪ፣ ቸኮለች ይሉሻል ብላ መከረችኝ። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲጠብቀኝ ባየሁ ቁጥር በጓሮ በር እየሾለክሁ፣ ልቤ በደስታ እየፈነደቀ ወደ ቤቴ እሮጥ ነበር።

የቀጠሮው እሁድ ዘመድ ከሰበታም ከፉሪም መጣ። በግ ታረደ፣ ጠላው ተጠመቀ። አጎቶቼ ነጭ በነጭ ለብሰው በረንዳው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። እኔ ጓዳ ሆኜ የሰው ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ፀጉሬን እነካለሁ። ረፋዱ አለፈ፣ ቀትር አለፈ፣ ፀሐይ ወደ ለቡ አዘቀዘቀች። ማንም አልመጣም። ዘመድ በልቶ ተበተነ። አንዱ አጎቴ ሲወጣ አባቴን ትከሻውን ቸብ ያደረገበት አኳኋን፣ ለቅሶ ቤት የሚደረገው ዓይነት ነበር። አባቴ በዚያ ማታ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሚሳኤልን አንድ ሁለቴ መንገድ ላይ አየሁት። የሚያናድደው ነገር ምን መሰላችሁ? ተበዳይ መሰለ። ዓይኑን ሰብሮ፣ ሰላምታ ሰጥቶኝ መንገዱን ለቀቀልኝ። እኔ ነኝ እንዴ የቀረሁት? መልሼ አላየሁትም። ክረምቱን ሙሉ በዝናቡ ድምፅ ተከልዬ አለቀስኩ። በዝናብ ስለሆነ ማንም አልሰማኝም፣ ይኼም ኩራት ነው ከተባለ።

እንግዲህ በዘጠና ዓመተ ምሕረት ጥቅምት፣ ወይዘሮ ሜሪ እንግሊዝ አገር ያሉ የድሮ ቤቶች እንደሚያደርጉት የአትክልት ቦታቸውን በር ለሰው ሁሉ ሊከፍቱ ነው ተባለ። በየሱቁ ወረቀት ተለጠፈ። ልብሴን እያጠብኩ ሳለሁ አባቴ ከቤት ሲወጣ ቀና ብዬ አየሁ። የክት ኮቱን ለብሷል፣ ከዘራውን ይዟል፣ በሌላው እጁ ማር የሞላ ብልቃጥ አለ። የሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፣ ጠላትም ቢሆን።

«ተነሺ ልበሺ» አለኝ።

የት ልንሄድ ነው ብዬ ጠየቅሁት፣ እያወቅሁ።

«ጎረቤት በሩን ከፍቶ ኑ ብሏል። ምን አጥፍተን ነው የምንደበቀው?»

ምን እላለሁ? እጄን አደረቅሁ። ሰማያዊውን ቀሚሴን ለበስኩ፣ ፀጉሬን ደህና አድርጌ ሠራሁ፣ አባቴን ተከትዬ መንገዱን ተሻገርኩ። አንገቴን እንደዚያን ቀን ቀጥ አድርጌ የያዝኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ግቢው ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ነበር። ከኤምባሲ የመጡት ካሜራ አንግተው ጽጌረዳ ለጽጌረዳ እየዞሩ ያሸታሉ። የሰፈራችን ሰው ደግሞ የተጠራው ለድግስ መስሎት ድፎውን፣ አረቄውን፣ የታሰረች ዶሮ ሳይቀር ይዞ መጥቶ፣ የት እንደሚያስቀምጥ ጠፍቶት ሳሩ ዳር ቆሟል። ሳሩን ለመርገጥ ያፍራል። ይህን ሁሉ ሳር የሚበላው ማን ነው ብሎ ይጠያየቃል። ወይዘሮ ሜሪ ግራ ሳይጋቡ ሁሉንም እየሳሙ፣ ዶሮዋንም ተቀብለው፣ ሻይና ኬክ ወዳለበት ይመሩ ነበር። አባቴን ሲያዩ ግን እጃቸው ትንሽ ዘገየ። እሱ ከዘራውን ወደ ግራ አዛውሮ ማሩን በሁለት እጁ አቀረበላቸው። እሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ሁለት ኩሩ ሰዎች ሰላም ሲባባሉ ማየት ያስፈራል።

ቦታው ያምራል፣ ምን ይዋሻል። ኩሬው ሞልቶ ሰማዩ ገብቶበታል። የጥድ አጥሩ ተከርክሞ ለስልሷል። በድንጋዩ ደረጃ ስወርድ የጽጌረዳው ሽታ እንዲህ ነው የማይባል ነበር። ሚሳኤል ከታች ቆሞ ለጎብኚዎች ያስረዳል። አያቱ እነዚህን ድንጋዮች በበሬ እያስጎተተ እንዴት እንዳመጣቸው ሲናገር ቀና አለና አየኝ። ቃሉ መሀል ላይ ቀረ። አንዷ ፈረንጅ እኔን አየችና ፈገግ ብላ ሌሎቹን ወደ ኩሬው ወሰደቻቸው። ሴት ሴትን በየትም አገር ትረዳለች።

ቀስ ብሎ መጣ። ከስቷል። ከስቶ ማየቴ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ ምንም ደስ አላለኝም።

«ትመጫለሽ ብዬ አላሰብኩም» አለኝ።

የመጣሁት አትክልት ላይ ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀና፣ በዚያ የወይዘሮ አማርኛው፣ መልሴን እንዳከበረልኝ፣ ሊያስቸግረኝ ፈጽሞ እንደማይፈልግ ነገረኝ። የምን መልስ ነው የሚያወራው? ደሜ ፈላ። የምን መልስ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ላስብበት ያልሽው ነዋ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው፣ ዘመድ ያማክሩ፣ ሌላ ቀን ኑ ተባልን አሉኝ። እኔ ባደግሁበት አገር የምትወድህ ሴት ላስብበት አትልም። እንደዚያ ካለች እምቢ ማለቷ ነው፤ እንዳትጎዳህ ብላ ነው። ቢሆንም ከአፍሽ ልስማው ብዬ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቅኩሽ። አይተሽኝ በጓሮ ወጣሽ። ደግሜ ጠበቅኩ፣ ደግመሽ ሸሸሽኝ። ያኔ ገባኝና፣ ለጋሽ ደምሰው ነገሩ ይቅር አልኳቸው።»

ሽማግሌ የተላከባት ልጅ ከወንዱ ጋር እንደማትታይ፣ የሸሸሁት ነውር እንዳይሆንብን መሆኑን፣ እየሮጥኩ ቤት የምገባው ከደስታዬ ብዛት እንደነበረ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ድምፄ እየጮኸ እንደሆነ ያወቅሁት ሰው ዞሮ ሲያየን ነው። ይየን።

«ቀጠሮ እኮ እሺ ነው ሚሳኤል! ዘመዶቼ ከሰበታ መጥተው፣ በግ አርደን፣ እስኪመሽ በሩን እያየን ጠበቅንህ።»

«ጠበቃችሁኝ?» አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ጭንቅላቱን ያዘ።

አባቴ፣ እንዲሁም ከሰፈሩ ሰው ጋር የመጡት ጋሽ ደምሰው፣ ጩኸቴን ተከትለው ደረጃው አናት ላይ ቆመው ሰምተዋል። ጋሽ ደምሰው ተናደው ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። ልጁ ነገሩ ይቅር ሲላቸው ሐሳቡን የለወጠ መስሏቸው፣ ለምን ብሎ መጠየቅ ነውር ሆኖባቸው፣ ከአባቴም ዓይን ሲሸሹ ክረምቱን እንዳሳለፉ ተናገሩ። እንግዲህ እዩት፣ አንዱም ሰው ክፉ አልነበረም። አንዱም ሰው ግን አፉን ከፍቶ አልጠየቀም፤ እኔን ጨምሮ፣ ሁላችንም ክብራችንን ይዘን ተቀምጠን።

ሚሳኤል ተነስቶ አባቴ እግር ላይ ሊወድቅ ሲል አባቴ ከዘራውን በመሀላቸው አደረገው።

«ባለማወቅህ ነው፣ ገብቶኛል» አለው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ የተዋረድኩት ግን በደጄ፣ በወንድሞቼና በጎረቤቶቼ ፊት ነው። አንተ ግቢ ውስጥ፣ በአበባ መሀል ይቅር ብልህ ማን ያየዋል?»

ከዚያ ኮፍያውን አነሳ፣ ወይዘሮ ሜሪን አመስግኖ ተሰናበተ። እኔም ተከተልኩት። ወደ ኋላ ላለማየት ያደረግሁትን ትግል የማውቀው እኔ ነኝ።

ከዚህ በኋላ ግቢው ውስጥ የሆነውን የነገሩኝ ጋሽ ደምሰው ናቸው። ሚሳኤል ምን ላድርግ ብሎ ያዛቸው። ሰውን በሰው ፊት ያሳፈረ፣ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ደጁ ድረስ ሄዶ ማረኝ እንደሚል ነገሩት። ልጁ ሁለት ጊዜ አላሰበም፤ ከደረጃው ጠርዝ የላላ ድንጋይ ነቅሎ ከፍ አደረገ። ወይዘሮ ሜሪ ደነገጡ። በዚህ ሁሉ እንግዳ ፊት፣ ይህን ቤት ያስመለስኩት ቀና ብለን እንድንኖርበት አይደለም ወይ አሉት። እሱም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ቀና ብዬ የምኖረው ይህን ካደረስኩ በኋላ ነው አላቸውና ወጣ። ፈረንጆቹ የጉብኝቱ ክፍል መስሏቸው ፎቶ እያነሱ ተከተሉት። ባለ ድፎውም፣ ባለ አረቄውም ተከተለ።

እኛ ቤት ደርሰን አባቴ በረንዳው ላይ በርጩማውን ስቦ ከመቀመጡ ነው ግርግሩ የተሰማው። እናቴ ምን መጣብን ብላ ወጣች። አየሁት። በአስፋልቱ ዳር፣ ታክሲዎች ቆመው እያሳለፉት፣ ያን የሚያህል ድንጋይ በማጅራቱ ላይ በሁለት እጁ ደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ ይመጣል። ሸሚዙ በአፈር ጨቅይቷል፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ከኋላው፣ በዚያ በረጅም ታኮ ጫማቸው ጭቃውን እየረገጡ፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ወይዘሮ ሜሪ ይመጣሉ። ሌላ ጊዜ የሚስተሩ ግቢ ድረስ መኪና ተልኮ የሚጠሩት፣ ሰው ሁሉ የሚሰግድላቸው ወይዘሮ ሜሪ፣ በእግራቸው፣ ወደ በንቲ ኮርሳ ደጅ። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። እኔ እንባዬ መጣ፣ ዋጥሁት። የማለቅስበት ቀን አልነበረም።

ደጃችን ሲደርስ በጉልበቱ ወረደ።

«ጋሽ በንቲ፣ ቀጠሮዎን አፍርሻለሁ። ቤተሰብዎን አሳፍሬያለሁ። ይማሩኝ።»

አባቴ ዙሪያውን አየ። ጎረቤት በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ፉሪ ያለው አጎቴም ለቅዳሴ መጥቶ ሳይመለስ ኖሮ ከሰው መሀል ቆሟል። አባቴ አጎቴን እስኪያየውና አጎቴ ራሱን እስኪነቀንቅ ጠበቀ። ከዚያ ተነሳ፣ ኮቱን አስተካከለ።

«እኔ የበኩሌን ለእግዚአብሔር ብዬ ምሬሃለሁ» አለ። «ድንጋዩን ግን የማወርደው እኔ አይደለሁም። ከእኔ ይልቅ ያለቀሰች አለች።»

ሰማኝ ማለት ነው። ያን ሁሉ ሌሊት በዝናቡ ውስጥ ሰምቶኝ ኖሯል። ሁሉም ሰው ወደ እኔ ዞረ።

በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም የሆነ የደጃፍ መንገድ ሄጄ አላውቅም። ሚሳኤል ጎንብሷል፣ የሚያየው እግሬን ብቻ ነው። የማጅራቱ ቆዳ ተልጦ ደም ጠቁሮበታል። ልቤ ቶሎ አውርጂለት ይለኛል፤ ኩራቴ ደግሞ ቆይ፣ አንድ ጊዜ ስምሽን ከፍ አድርገሽ ቁሚ ይለኛል። ቆምኩ። ሰፈሩ ሁሉ እያየኝ፣ ወይዘሮ ሜሪ እያዩኝ፣ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ኦብሴ» አለኝ ወደ መሬት እያየ። «እባክሽ።»

እሱና እባክሽ። ሳቅና ለቅሶ እኩል ያዘኝ።

«አባቴ ለሽማግሌ የሚሰጠውን መልስ ይስጥ፣ እሱ የሱ ነው» አልኩት። «የኔን ግን ዛሬ ከአፌ ስማው። እኔ ላስብበት ብዬ አላውቅም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድም ቀን ማሰብ አላስፈለገኝም።»

ጎንበስ ብዬ ድንጋዩን በሁለት እጄ ያዝኩት። ሊያግዘኝ እጁን ሲያነሳ ተው አልኩት። ከባድ ነበር። ይህን ለእኔ ብሎ፣ ለአባቴ ብሎ፣ በሰው ሁሉ ፊት ተሸክሞት መጣ። ብቻዬን ወደ ላይ ሳነሳው ሚሳኤል ቀና አለ፣ ዓይናችን ተገጣጠመ፣ ከአጥሩ በኩል እልልታው ቀለጠ። እኔ ግን ድንጋዩን ወዲያው ማስቀመጥ አልፈለግሁም። ደረቴ ላይ አቅፌው፣ እንዲሁ በኩራት ቆሜ ቀረሁ።